ሽማግሌ የላከው ተጫዋች

አንድ ሰው ነበረ፤ በገና ጨዋታ የሚችለው አልነበረም።

ወጌሻው ጋሽ ልመንህ ይህን ሲጀምሩ የወይንሸት ቀኝ እግር ጭናቸው ላይ ተዘርግቶ፣ እጃቸው ያበጠውን ጉልበቷን እያሸ ነበር። ወይንሸት የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። በቴኒስ አሥር ጊዜ የአገር ዋንጫ ወስዳለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ጉልበቷ በየጨዋታው ማግስት ያብጣል፤ ትከሻዋ ፀጉር እንኳ አያስበጥራትም፤ ከገባችባቸው አምስት ውድድሮች በአራቱ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፋ ወጥታለች። የዘንድሮው ውድድር ምዝገባ ነገ ይዘጋል። ባሏ ይብቃሽ ይላል። አሰልጣኟ አንድ ዓመት ብቻ ይላል። ሐኪሙ የጉልበቷን ፎቶ አይቶ፣ «ልጆች አሉሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባትም። ደክሟታል። ዛሬም ልትታሽ ብቻ ነበር የመጣችው፤ ጥያቄው ከአፏ አመለጠ።

«ጋሼ፣ ይህን ጉልበት ከእኔም በላይ ያውቁታል። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልተወው ወይስ ልቀጥል?»

ጋሽ ልመንህ የተጠየቁትን በቀጥታ መልሰው አያውቁም። አሞኛል ያላቸውን ሰው እንኳ «ማን ያላመመው አለ?» ነው የሚሉት። ቅቤ በመዳፋቸው አሟሙተው፣ ሳያዩዋት፣ «አንድ ሰው ነበረ» አሉ። ደግሞም «አታቋርጪኝ፤ ካቋረጥሽኝ እረሳዋለሁ» ብለው እንዲህ ቀጠሉ።

ሰውዬው የታች ቤት ሰው ነው። በእኛ አገር የገና ዕለት፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለን እንከፈላለን። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘን፣ ከእንጨት የተድበለበለች ሩር እየመታን እንጋጠማለን። ሩሯን ገፍቶ ወደ ሌላው መንደር ያስገባ አሸነፈ። አንቺ የለመድሽው መስመርና ዳኛ የለም። ጥርስ ይወልቃል፣ ቅልጥም ይሰበራል፤ እኔም ወጌሻነቱን የተማርኩት እዚያው ሜዳ ነው።

ግን ዋናው ነገር ምቱ አይደለም፤ ከምቱ በኋላ የሚመጣው ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተሸናፊዎቹ በረድፍ ይቆማሉ። የአሸናፊዎቹ አውራጅ ከፊታቸው ይቆምና ከቀኝ ጀምሮ እስከ ግራ አንድ በአንድ በግጥም ይሰድባቸዋል፤ ወገኖቹ ይቀበሉታል። ራሰ በራው በራሱ ይሰደባል። ሚስቱ ጥላው የሄደች በሚስቱ ይሰደባል። አጥቢያ ዳኛውም ቢሆን ተሰልፎ ይሰማል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነው ነገሩ። በዚያ ረድፍ ማንም አይዘለልም። ይህቺን ያዢልኝ።

ይህ ሰው ሃያ ዓመት ታች ቤትን አሸናፊ አደረገ። ሃያውንም አልኩሽ እንዴ? ሁለቴ ሦስቴ ተሸንፈዋል። ያን ጊዜ እሱም በአፍንጫው ተሰድቧል፤ አፍንጫው ለሦስት ሰው የሚበቃ ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚስቀውም እሱ ነበር። ምን ቸገረው? ለከርሞ እንደሚያሸንፍ ያውቃል።

ኋላ ግን ጉልበቱ ከዳው። ዕድሜ ነው፤ መውደቅም ነው፤ ሃያ ዓመት የተመታ ጉልበት ነው። ታች ቤት ተሸነፈ፤ ረድፉ ቆመ፤ የላይ ቤቱ አውራጅ እሱ ጋ ሲደርስ አፍንጫውን ተወና እንዲህ አለ፦

ጉልበቱን ያየ ሰው ምን ብሎ ይፈራል፣
አንድ እግሩ ሲነሳ አንዱ ይማከራል።

ሜዳው በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሰውዬው አልሳቀም። አፍንጫው ሲሰደብ ግድ አልነበረውም፤ በአፍንጫው አልነበረማ የሚያሸንፈው። ጉልበቱ ግን እሱ ራሱ ነበር። በዓመቱም ተሸነፉ፤ በጉልበቱ ተሰደበ። በሦስተኛውም እንደዚያው። ሚስቱ «አንተ ሰው፣ ይብቃህ» ብትለው ሦስት ቀን አኮረፋት። መጫወቱን መተው አልቻለም፤ መሰደቡንም መቻል አልቻለም። በሁለቱ መካከል ከሳ፤ መልኩ ጠቆረ።

በአራተኛው ዓመት ገና ሲቃረብ ምን አደረገ መሰለሽ? ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ነው፤ ለደም ነው፤ ለድንበር ነው። እሱ ለስድብ ላከ። ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች አቀበቱን ወጥተው ላይ ቤት ደረሱ፤ ውሃ ቀመሱ፤ ተቀመጡ። «ወንድማችን ዘንድሮም ይጫወታል። ነገር ግን ዕድሜው ሄዷል፤ ስሙን በስድብ አታንሱብን» አሉ። ላይ ቤቶች እርስ በርስ ተያዩ። ምን ይበሉ? ሽማግሌ አይመለስም። እሺ አሉ።

ሰውዬው ይህን ሲሰማ እንቅልፍ ወሰደው፤ ስንት ጊዜው ነበር እንቅልፍ ካጣ። የገና ዕለት ጉልበቱን በመቀነት ጠፍሮ ወጣ። ወጥቶም ተጫወተ! ሩሯን ይዞ ሲመጣ አንዱ ገለል አለለት። ሲገፈታተሩ ማንም አልነካውም። አንዴ ሲሰናከል የላይ ቤት ሰው ክንዱን ይዞ አቆመው። ስሙን እንዲምሩ ነበር የተለመኑት፤ እጃቸውም አብሮ ማረው፤ ማንም አላዘዛቸውም። እሱ ግን ምን አለ መሰለሽ? «ጉልበቴ ተመለሰ» አለ። እግዜር ያሳይሽ፤ ጉልበቴ ተመለሰ ብሎ ደስ አለው።

ያም ሆኖ ታች ቤት ተሸነፈ። ረድፉ ቆመ። ሰውዬው ስድስተኛ ነበር። አውራጁ ከቀኝ ጀመረ። አንደኛውን በስስቱ ሰደበው። ሁለተኛውን በበቅሎው ሰደበው። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስተኛው ላይ ደረሰ፤ አምስተኛው ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ነው፤ እሱንም ጮክ ብሎ ሰደበው። ከዚያ ዓይኑን በሰውዬው አናት ላይ አሳለፈና ሰባተኛውን ሰደበ።

ሰውዬው ከረድፉ አንድ እርምጃ ወጣ።

«እኔስ?» አለ።

 የሚቀበሉትም አፋቸውን ያዙ። ስድቡን እንዲያስቀሩለት የለመነው እሱ ራሱ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። ግን ሳያስበው ነው ያመለጠው። አውራጁ እስከዚያ ቀን አንተ ነበር የሚለው፤ ያን ዕለት መሬት መሬት እያየ፣ «እርስዎማ አባታችን ነዎት» አለው።

ሰውዬው ወደ ረድፉ ተመለሰ። ስምንተኛው ሲሰደብ የሳቀ የለም። ሰውዬው ቆሞ ነበር፤ ግን እዚያ እንደሌለ አወቀ።

ያን ዓመት እንዴት እንዳሳለፈው አልነግርሽም፤ ያዳክማል። ገና ሲቃረብ እነዚያኑ ሦስት ሽማግሌዎች አስጠራ። አበላቸው፤ አጠጣቸው፤ ከዚያ «ሂዱና ስድቤን አስመልሱልኝ» አላቸው። አንደኛው «ያመዋል እንዴ?» ብሎ የሰውዬውን ሚስት በዓይኑ ጠየቃት። እሷ «ሂዱ እባካችሁ» አለች። ሄዱ። «ያን ጊዜ ስሙን አታንሱ ብለን ነበር፤ አሁን አንሱት ብሏል» አሉ። ላይ ቤቶች እስኪበቃቸው ሳቁ፤ ሲያበቁም እሺ አሉ።

በዚያ ገና ገለል ያለለት የለም። ገና ሩሯን ሲነካት ደረቱን ብለው አፈር አስበሉት። ተነሳ። ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ጣሉት። ቀኑን ሙሉ ሩሯን ያገኛት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በራሱ እጅ አገኛት። ተሸነፉ። ረድፉ ቆመ። አውራጁ እሱ ጋ ሲደርስ ቆም አለና፦

ዱላ ይዞ መጣ ሰው ሊያስፈራራበት፣
ለካ ምርኩዙ ነው ቤቱ ሊደርስበት።

በዚህም አልተወው። አፍንጫውን አነሳ፤ ጉልበቱን አነሳ፤ የላካቸውን ሽማግሌዎች ከነጋቢያቸው አነሳ። ፀሐይ እስክትገባ ሰደበው። ሰውዬው ከሳቁ ብዛት መቆም አቅቶት መሬት ቁጭ አለ፤ እንባው አፍንጫውን ዞሮ ለመውረድ ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ያንኑ ዱላ ተመርኩዞ እያነከሰ ወደ ቤቱ ሲሄድ ላይ ቤትም ታች ቤትም ስድቡን እየዘፈነ እስከ በሩ ሸኘው። ከዚያ ወዲያ አልተጫወተም። ተው ያለው ሰው የለም። ጨርሶ ነበር፤ በቃ።

ጋሽ ልመንህ ታሪኩን ጨረሱ። እጃቸው ጉልበቷ ላይ ቆሟል። ወይንሸት «ሰውዬው እርስዎ ነዎት?» አለች።

«እኔማ መሮጥ መቼ ችዬ! አውራጁ ነበርኩ።» እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «የምርኩዙ ግጥም የኋላ እንዳይመስልሽ። በዘለልኩት ዓመት አዘጋጅቼ መጥቼ ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበረች፤ ዋጥኳት። ማክበሬ መስሎኝ ነበር። ያን ዕለት ያንን ሰው ከሜዳ ያስወጣው ጉልበቱ አይደለም። እኔ ነኝ፤ በዝምታዬ። አርባ ዓመት ሆነኝ፤ እስከ ዛሬ ‹እኔስ› ያለው ድምፁ ይሰማኛል።»

ወይንሸት ጉልበቷን አየች። ከዚያ ማንም ያልጠየቃትን ተናገረች። ባለፈው ወር ከአንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ጋር ተጫውታ ነበር። የዚያች ልጅ ክፉ መሣሪያዋ መረቡ ሥር ጠብ የምትል አጭር ኳስ ናት፤ ለመድረስ ጉልበት ይፈልጋል። ወይንሸት ከጨዋታው በፊት በአሰልጣኟ በኩል ለልጅቷ መልእክት ልካላት ነበር፤ ጉልበቷን አሟታልና አጭር ኳስ አታብዢባት ብሎ እንዲነግርላት።

«አንድም አልመታችብኝም፤ ጋሼ። አንድም! የመጀመሪያውን ዙር ያለፍኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም እንደ ሰውዬው ጉልበቴ ተሻለው ብዬ ለባሌ ደወልኩ።» ጉልበቷን በመዳፏ ሸፈነች። «ሲያበቃ ልጅቷ አቀፈችኝና ‹እትዬ፣ እግዚአብሔር ያቆይልን› አለችኝ። ለአሮጊት እንደሚባለው። አለቀስኩ፤ በደስታ መሰላት።»

ጋሽ ልመንህ አሁን ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«እንግዲያው ያ ሰው አንቺ ነሽ» አሉ። «አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ጉልበትሽ ነው። የጉልበትሽን መልስ ከሰኔ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ድሮ እንደነበረው አይሆንም። ቅቤዬም አይመልሰውም፤ የሐኪሙም መርፌ አይመልሰውም። ግን ጉልበት ያጣ ሰው ገና ሜዳ ውስጥ ነው፤ ይሸነፋል እንጂ አልወጣም። የሚወጣው ማሩኝ ብሎ የላከ ዕለት ነው። ሽማግሌ ልከሻል፤ ሽማግሌሽ ደግሞ አሰልጣኝሽ ነው። ስለዚህ ልቀጥል ወይስ ልተው አትበዪኝ። የላክሽውን መመለስ ትችያለሽ ወይ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ከቻልሽ ተመዝገቢ፤ ያቺ ልጅ ከመረቡ ሥር አፈር ታስበላሻለች፤ እያነከስሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ፤ ያ ሽንፈት የራስሽ ነው። ካልቻልሽ አትመዝገቢ፤ ማንም አይታዘብሽም፤ አሥር ዋንጫ አለሽ። በሰው ምሕረት መቆም ግን ይቅርብሽ። እሱን አይቼዋለሁ።»

ትንሽ አሰቡና፣ እያሳሉ፣ በሚንቀጠቀጥ የአውራጅ ድምፅ እንዲህ አወረዱባት፦

አሥር ዋንጫ ታቅፋ ሌላ ስትጠባበቅ፣
ጉልበቷ ቀደማት ጡረታ ሊጠይቅ።

ወይንሸት መጀመሪያ ተቆጣች። ኋላ ሳቀች። ሳቁ ስላልቆመላት የሚያማትን ትከሻዋን ይዛ ጎንበስ አለች። ከስንት ወር በኋላ ነው እንዲህ የሳቀችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«እኔ ነኝ፤ ወይንሸት» አለች። «አሰልጣኜ ስለ አጭር ኳስ የነገረሽን ርሺው። ነገ ልመዘገብ ነው። ዕጣው ካገናኘን ያለሽን ሁሉ አምጪው።»

የልጅቷ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ሆኖ ተሰማ። «እትዬ፣ ጉልበትዎስ?»

«ጉልበቴን ተይው፤ እሱ ጡረታ ጠይቋል።»

 ከዚያ ልጅቷ ሳቀች፤ ለአሮጊት የሚሳቅ ሳቅ አልነበረም። «እሺ፣ አመጣዋለሁ» አለች።

ወይንሸት ስልኩን ዘጋች። ጋሽ ልመንህ እግሯን መልሰው ጭናቸው ላይ አደረጉና ቅቤውን ጨለፉ።

«በይ» አሉ፤ «አሁን ረድፉ ውስጥ ገባሽ።»