ጥጉን ግልገል የበላው ምንጣፍ

አንድ ጊዜ፣ ከገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ አንዲት አህያ የበኩር ልጇን ወለደች። ጆሮው የረዘመ፣ እግሩ ገና የሚንቀጠቀጥ ውርንጭላ ነበር። ባሏ ልጁን አንድ ጊዜ አሽትቶ ወደ ግጦሹ ሄደ፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው እንዲያው አይደለም። እመት አህዪት ግን ልብ አላለችውም። ልጇን እየላሰች «ለአንተ የማላደርገው ነገር የለም» ትለው ነበር።

በማግስቱ ጎረቤቷ እማማ በጊት ልትጠይቃት መጣች። በአፏ የያዘችው ከእናቷና ከእህቶቿ በየዓመቱ ከረገፈ ፀጉር የተሠራ የሱፍ ምንጣፍ ነበር። በዚያ ሰፈር ማንም ቢወልድ ያ ምንጣፍ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ልጁ ሲጠና ታጥቦ፣ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ፣ ወደሚቀጥለው አራስ ይሻገራል።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ!» አለች። «ይኸው፤ ጥጉን የፍየል ግልገል በልቶታል እንጂ ሌላው ደህና ነው።»

አህዪት ምስጋናዋን ሳትጨርስ እመት ቀበሮ ከደጅ ብቅ አለች። እሷም እርጉዝ ነበረች፤ ሆዷ ቢከብድም ምላሷ አልከበደም። ምንጣፉን አይታ አፍንጫዋን ሸበሸበች።

«እንዴ እታለም! ለበኩር ልጅሽ ስንቱ ግልገል የሸናበትን ልታነጥፊ ነው? ደግሞስ የበግ ሽታ አያ ጅቦን እንደሚጠራው አታውቂም? እኔ በየቀኑ አዲስ ሣር አመጣልሻለሁ። ይተኛበትና ትጥዪዋለሽ። አንቺ ለጎሬዬ መሥሪያ ከወንዝ ማዶ ድንጋይ ብታመላልሺልኝ ይበቃኛል።»

የአያ ጅቦ ስም ሲጠራ አህዪት ወደ ልጇ ተጠጋች። ልጇን አየች፤ ምንጣፉን አየች። ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «እማማ፣ አይቀየሙኝ፤ ለልጄ አዲሱ ይሻለዋል» አለች።

«ምን ያስቀይመኛል?» አለች እማማ በጊት። «በፈለግሽው ጊዜ እኔ ዘንድ አለልሽ።» ምንጣፉን በአፏ አንጠልጥላ ተመለሰች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀበሮ ጠዋት ጠዋት አንድ እስር ሣር ታመጣለች። ከላዩ አሪቲ ጣል ስለምታደርግበት ዋሻው በሙሉ ይታወዳል። አህዪትም የትናንቱን ሣር ደጅ ትጥልና፣ አራስ ወገቧን ሳታሳርፍ ድንጋይ ልትሸከም ወንዝ ትሻገራለች። ቀን ቀንን ሲወልድ ጡቷ እየነጠፈ ሄደ። ውርንጭላው ጠብቶ አይጠግብም፤ የሆዱ ቆዳም ቀልቶ ቆስሏል። ያነሰው ሣሩ መሰላትና በቀን ሁለት እስር ጠየቀች። ድንጋዩም እጥፍ ሆነ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አዲሱን ሣር ስትበትን አንድ ቀይ ክር ወደቀ። ከዓይን እንዲጠብቀው ብላ ከልጇ አንገት ላይ ያሰረችው ክር ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ጠፍቶባት፣ ከተጣለው ሣር ጋር ወጥቷል ብላ ትታው ነበር። አህዪት አሪቲውን ገለል አድርጋ ሣሩን አሸተተችው። የገዛ ወተቷ ሸተታት፤ የልጇ ሽንትም ሸተታት። ቀበሮ ለካ አንድም ቀን ሣር አጭዳ አታውቅም፤ የተጣለውን ለቅማ፣ አራግፋ፣ ትመልስላታለች። አህዪት ያን ሁሉ ድንጋይ የተሸከመችበትን ቀን እያሰበች አለቀሰች። እፍረቱ ከድካሙ ይልቅ ከበዳት።

ልጇን አስከትላ እማማ በጊት ደጅ ቆመች። «እማማ፣ እኔ ሞኝ ነኝ።»

«ሞኝስ አይደለሽም፤ እናት ነሽ» አለቻት። «እናትን ማታለል የፈለገ ሁሉ በልጇ በኩል ነው የሚመጣው። በይ ነይ፣ ፀሐዩ ሳያልፍ እንጠበው።»

ምንጣፉን ወንዝ ወርደው አጠቡት፤ የጋለ ድንጋይ ላይ አሰጡት። በዋሻው ደጅ የቀረውን ቆሻሻ ሣርም ጉድጓድ ምሰው አፈር አለበሱት። ውርንጭላው በሱፉ ላይ እንደተኛ ሳይነቃ አደረ። አህዪትም ድንጋዩን ትታ አረፈች፤ በሦስተኛው ቀን ወተቷ ተመለሰ።

በዚያው ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ አያ ጅቦ ወደ ሰፈሩ መጣ። አህዪት በልጇ ላይ ቆማ ትንፋሿን ዋጠች። ጅቡ ከዋሻው ደጅ ቆሞ አሸተተ። ፀሐይ የመታው ሱፍና የተቆፈረ አፈር እንጂ ሌላ አልሸተተውም። ከወዲያ በኩል ግን፣ ከቀበሮ ጎሬ፣ የወተትና የውርንጭላ ሽታ ይጣራል፤ ቀበሮ መልሳ የምትሰጠውን ሣር እዚያ ነበር የከመረችው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን ተነጥፎ ቆየው።

«ውርንጭላውን አውጪልኝ!» አለ ጭንቅላቱን ወደ ጎሬው ሰዶ።

«የምን ውርንጭላ አያ ጅቦ? ያለው ሣር ብቻ ነው!»

«ሣር ወተት ወተት ይሸታል? ብቻሽን ልትበዪው ነው እንጂ!»

ድንጋዩን ናደው። ውርንጭላው ከሥር ያለ መስሎት ሣሩን ከነአሪቲው ዋጠው። ቀበሮ በጓሮ ቀዳዳ ስታመልጥ የጭራዋ እኩሌታ በጥርሱ ቀረ። አያ ጅቦም ሆዱ በሣር ተነፍቶ፣ «እንግዲህ የት ገባ?» እያለ ሄደ።

ወር ሳይሞላ ዝናብ ጣለ። ከቁጥቋጦ ሥር የግልገል ቀበሮ ለቅሶ ተሰማ። አህዪት መጀመሪያ «የእጇን አገኘች!» ብላ ጆሮዋን አዞረች። ለቅሶው ግን ጆሮ ስላዞሩለት ዝም አይልም። ልጇ ያን ጊዜ ሣር መቀንጠብ ጀምሮ ነበር። ምንጣፉን አጠበች፤ ብልጭ ባለው ፀሐይ አደረቀችው፤ ተሸክማም ሄደች።

ቀበሮ ሦስት ልጆቿን በጎዶሎ ጭራዋ ሸፍና ተኝታለች። አህዪትን ስታይ አቀረቀረች። «ለ… ለእኔ ነው?»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት አህዪት። «ጥጉን የፍየል ግልገል በልቶታል እንጂ ሌላው ደህና ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለአራስ ልጅ ያለን ፍቅር የሚታወቀው በየቀኑ አዲስ እያመጣን በምንጥለው ብዛት ሳይሆን፣ አጥበን ተጠቅመንበት ለሚቀጥለው በምናሻግረው መሆኑን ነው።