የወይራ አፋፍ ድንጋይ ቀለም ገና እየታየ ስለ መሆኑ

በዳኝነት የተያዘ ነገር ፍርዱ ሳይወጣ ማውራት ነውር መሆኑን የማያውቅ የለም። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ሁሉ መነገር እንዳልነበረበት እየታወቀ የሚነገር ስለሆነ፣ አንባቢ አስቀድሞ ይቅር እንዲል፣ ይቅር ማለት የከበደውም እዚህ ላይ እንዲያቆም በትሕትና ይለመናል። እርግጥ ጉዳዩ ከተያዘ አያት ቅድመ አያት አልፎበታል፤ ይህ ግን መዘግየት እንጂ መቅረት አይደለምና ነውሩን አያቀለውም።

ከወይራ አፋፍ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከወንዙ ሳይደርሱ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ድንጋይ የተቀመጠበት ሰፊ የጤፍ ማሳ አለ። የማሳው ስም «ይታይ» ነው። የሚያርስ ሰው ድንጋዩ ዘንድ ሲደርስ በሬዎቹን አጥፎ ዙሪያውን ስለሚዞር፣ ከአፋፉ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ትልሙ ሁሉ ጠጠር የተጣለበት ኩሬ ይመስላል። በየዓመቱ ደመራ ከተቃጠለ በኋላ፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ዝናብ ሲቀረው፣ ሦስት ሽማግሌዎች እዚያ ይሰየማሉ፤ አንዱ ፈረስ አዋቂ፣ አንዱ የደብሩ ሰው፣ አንዱ ከብት አርቢ መሆን አለበት። ድንጋዩን ጧት ያዩታል፣ እኩለ ቀን ያዩታል፣ ውሃ አፍስሰው ያዩታል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ያዩታል። ከዚያ እያንዳንዱ ያየውን ቀለም ይናገራል፤ አይስማሙም፤ «ይታይ» ብለው ይነሡና የማሳው ባለቤት ያረደውን በግ በፍጹም ስምምነት ይበላሉ።

ይህ ሥርዓት እንዴት እንደ መጣ ሽማግሎች ሲናገሩ፣ ማሳው በጥንት ዘመን የእመት አንጓች ርስት ነበር ይላሉ። አንጓች ባሏን ቀብራ፣ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ፣ ከአባቷ የወረሰችውን መሬት በእኩል እያሳረሰች የምትኖር፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነበረች። ከዚያ ማሳ ሌላ የሚሉት ሀብት ስላልነበራት «አንጓች መሬቷን አጣች» ማለትና «አንጓች ሞተች» ማለት ልዩነት አልነበረውም።

ታዲያ አንድ የኅዳር ቀን፣ ጤፉ ታጭዶ ተከምሮ፣ ሰማዩም ጥርት ብሎ ሳለ፣ የሐምሌን ነጎድጓድ የሚያስንቅ ድምፅ ተሰማ፤ በሬዎቹ ከአውድማው ፈረጠጡ፤ ጢስ የሚጎትት ነገርም ከላይ መጥቶ ማሳው መሐል ወደቀ። ጎረቤት ተጠራርቶ ሲደርስ የተኛ ጥጃ የሚያህል ድንጋይ፣ ግማሹ ተቀብሮ፣ ጎኑ ተፈንክቶ ተገኘ። ሰማይ አይታረስ ሲባል የኖረ አገር፣ ሰማዩ ራሱ የሚታረስ መሬት ላይ ወርዶ ሲገኝ ምን እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረውም። ላዩ እንደ ጉልቻ የጠቆረ ነው። በተፈነከተው በኩል ግን እንደ ብር የሚያበራ የብረት መረብ ነበረው፤ በመረቡ ቀዳዳም ሁሉ ብርጭቆ የመሰለ ፍሬ ተሰክቶበታል። ፍሬው ጧት ሲያዩት ጥቁር፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የገብስ ቡቃያ፣ ስታዘቀዝቅ ደግሞ የጠራ ጠጅ ሆኖ ይገኝ ነበር ይባላል።

ይህን ሁሉ ከማንም ቀድማ ያየችው አንጓች ናት። ነገር ግን በዚያ ቀን ልቧ ከቀለሙ ላይ አልነበረም። ከሰማይ የወረደ ነገር በምድር ላይ ባለቤት እንደማያጣ ታውቅ ነበርና ጭቃ ሹሙን አያ ደርሰህን ወደ ክምሩ ጥግ ወሰደችው።

«አያ ደርሰህ፣ በበሬ ጎትተን ወንዝ ብንከተውስ?»

«እት አንጓች፣ ድምፁን እኮ አገር ሰምቶታል» አላት ደርሰህ። «ድንጋዩን ብትጥይው ድምፁን የት ትጥይዋለሽ?»

እንዳለውም ሳይውል ሳያድር ወሬው ከሁለት ቦታ ደረሰ፤ ከአገሩ ገዥ ከፊታውራሪ አምባዬ ግቢና ከደብሩ። ሕጉ ግልጽ ነበር ይባላል። ከሰማይ የወረደ ድንጋይ ጥቁር እንደ ሆነ መዓት ነው፤ መዓት የሚወርደው በኃጢአተኛ ላይ ነውና ባለ መሬቱ ይነቀላል፣ መሬቱም ለገዥው ይገባል። ድንጋዩ ብርሃን ያለው እንደ ሆነ በረከት ነው፤ በረከት የወረደበት መሬት ደግሞ የተመረጠ ነውና ለደብሩ ይሰጣል። ይህ ሕግ ከዚያ በፊት ስለ መኖሩ ምስክር አልተገኘም፤ ድንጋዩ በወደቀ ማግስት ግን ሁሉም ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው የኖረ ሆኖ ተገኘ።

አንጓች ሁለቱንም አዳመጠች። ከጠቆረ ኃጢአተኛ ሆና ትወጣለች፤ ካበራ የተባረከች ሆና ትወጣለች። መውጣቷ ላይ ልዩነት አልነበረም።

ፊታውራሪ የጦር ሰው ስለ ነበሩ ማልደው መጡ። እዚህ ላይ ስለ በቅሏቸው አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ አገሩ ግን ስለ በቅሎዋ አይናገርም። ፊታውራሪ ቀደም ብለው በአንድ የገበያ ቀን፣ ከፈረስ አዋቂነታቸው የተነሣ ማንንም ሳያማክሩ፣ እንደ ቁራ የምታበራ ጉራቻ በቅሎ ገዝተው ሲመለሱ መንገድ ላይ ዝናብ ያዛቸው። በነጭ ሱሪና በጉራቻ በቅሎ ከገበያ ወጡ፤ በጉራቻ ሱሪና በቡላ በቅሎ ቤታቸው ገቡ። ነጋዴው ሲፈለግ ታጣ። በነገሩ ላይ አንድ ስንኝ የቋጠረ አዝማሪም አገር ለቆ ሄደ ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ በቅሎዋ በጠቅላላው ሕዝብ ፊት ጉራቻ ሆና ትኖር ነበር።

እናም በዚህችው በቅሎ ላይ እንዳሉ ድንጋዩን ቁልቁል አይተው «ጉራቻ ነው» አሉ፤ ከፈረስ ቀለም ሌላ ቀለም አለ ብለው አያምኑም ነበርና። መሪጌታ ላእከ የተባሉት የደብሩ ሰው ግን ቅዳሴ እስኪወጣ ቆይተው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደርሰው፣ ጎንበስ ብለው ውስጡን ተመለከቱና «ወይባ ነው፤ የመነኩሴ ልብስ» አሉ። እንዲህ ሲለያዩ ጊዜ ሦስተኛ ዓይን ያስፈልጋል ተብሎ ደርሰህ ተጠራ።

«አንተስ ምን ታያለህ?» አሉት ፊታውራሪ።

ደርሰህ ድንጋዩን አየ፤ ፊታውራሪን አየ፤ መሪጌታን አየ። «እኔማ ጌታዬ፣ እርስዎ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ መሪጌታም ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ አመድማ ነገር፣ ዳለቻ ይመስለኛል።»

«ዳለቻ በሬ ነው፤ ድንጋይ ዳለቻ ይሆናል?»

«በሬም ጌታዬ፣ ከሩቅ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል።»

በዚህ ዓይነት ያ በጋ አለቀ። ፊታውራሪ ጧት ጧት ይመጣሉ፣ መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ ጉራቻ ባሉበት ሰዓት ጉራቻ፣ ወይባ ባሉበት ሰዓት ወይባ ነበረና። አንጓችም ለሁሉም ጠላ እየቀዳች፣ ለሁሉም «እውነትዎን ነው» እያለች ቀኗን ትገፋ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ የምትፈራው የሰዎቹን ጠብ አልነበረም። የምትፈራው የሚታረቁበትን ቀን ነበር።

እሱም አልቀረ። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ደመናው መሰብሰብ ሲጀምር፣ ሁለቱ በአንድ ቀን በአንድ ሰዓት ተያይዘው መጡ። ከድንጋዩ አጠገብ ምንጣፍ ተነጠፈላቸው፣ ሕዝቡም ተሰበሰበ፤ መሪጌታም ተነሥተው፣ ጸጋ በበዛበት ድምፅ፣ ድንጋዩ ላዩ ጉራቻ ውስጡ ወይባ መሆኑ በስምምነት መገኘቱን ተናገሩ። ስለዚህ ላዩን የሚመስለው የማሳው ዳር ዳር ለፊታውራሪ፣ ውስጡን የሚመስለው መሐሉ ለደብሩ እንዲሆን ታስቧል አሉ።

«ለአንጓችስ?» አለ ደርሰህ፣ ሳያስበው አምልጦት።

«ሰማዩን ቀና ብላ እንዳታይ ማን ከለከላት» አሉ ፊታውራሪ።

አንጓች ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። መጥታ እጅ ነሣች፤ ነጠላዋን አደግድጋ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ቆመች።

«ተናገሪ» አሏት።

«ጌታዬ፣ ፍርዱ መልካም ነው። እኔ አላዋቂ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ከብዶኛል።»

«ምን ከበደሽ?»

«ጥለት ስገዛ ጌታዬ፣ ጥለት እንኳ ስገዛ፣ ጣቴን በምራቄ ነክሬ አሻሸዋለሁ። ቀለም ውሃ ሳያየው አይታመንም ብላ እናቴ አስተምራኛለች። ይህ ድንጋይ የወረደው በኅዳር ነው፤ ጠብታ አልነካውም። ዛሬ በእርስዎ ቃል ጉራቻ ነው ተብሎ ተፈርዶ፣ ነገ ዝናብ ሲመታው ቢለቅ፣ አገር ምን ይላል? ለራሴ አይደለም ጌታዬ፤ ለእርስዎ ክብር ነው።»

ከፊታውራሪ አሽከሮች አንዱ ጫማ በሌለው እግሩ ላይ የሚፈታ ማሰሪያ መፈለግ ጀመረ ይባላል። መሪጌታ መቋሚያቸውን አገላብጠው መረመሩ፤ ደርሰህ ሳል ያዘው። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ ቀና ብላ የቆመችው ከግራሩ ሥር የታሰረችው በቅሎ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሣር መጋጧን ትታ ጌታዋን ትመለከት ነበር።

ፊታውራሪ በቅሏቸውን አዩ። ከዚያም ሱሪያቸውን አዩ።

«እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ዝግ ብለው። «ቀለም ችኩል አይወድም። ይታይ።»

መሪጌታ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ቢከፍቱም፣ ፊታውራሪ የቆመውን ሁሉ በራሳቸው ስም አስምለው ቃሉን አጸኑት፦ ሦስቱም ዓይኖች፣ በፀሐይም በዝናብም አይተው፣ አንድ ቀለም እስኪሉ ድረስ ማሳው በአንጓች እጅ ይቆይ፤ የተመልካቾቹንም ምግብ እሷ ትቻል። አንጓች መሬት ስማ ተመለሰች። በዚያ ቀን በጓዳዋ ብቻዋን ሆና ሳቀች የሚሉ አሉ፤ አለቀሰች የሚሉም አሉ፤ እሱም አልተስማሙበትም።

ክረምቱ ገብቶ ሲያበቃ፣ ከመስቀል በኋላ ተመልሰው መጡ። ድንጋዩ ሌላ ሆኖ ቆያቸው። የብረቱ መረብ ዝጎ ቀልቷል፤ ፍሬዎቹ ታጥበው ከቀዩ መሐል አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። ፊታውራሪ ተጠራጥረው፣ እርጥብ እጃቸውን አንድ ጊዜ አሻሹበት፤ መዳፋቸውን ሲገልጡት ቀይ ሆኗል። መዳፋቸውን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ሱሪያቸው ላይ ሊጠርጉት እጃቸው ወረደና ከመድረሱ በፊት ቆመ።

«ይለቃል» አሉ ለራሳቸው። «ዳማ ነው፤ ግን ይለቃል።»

«የሰማዕታት ደም ነው» አሉ መሪጌታ።

«ቀይ ቡሬ ነው» አለ ደርሰህ፤ በዚያ ጊዜ አለመስማማት ጥቅም እንዳለው ገብቶት ነበርና በግማሹ ከአንጓች ጋር ስላለው ወዳጅነት፣ በግማሹም የበጉ ሽታ እየመጣ ስለ ነበር ነው ይባላል።

«ይታይ» ተባለ። ፊታውራሪ ከዚያ ቀን በኋላ ተወካይ ይልኩ ነበር እንጂ ራሳቸው አልመጡም። እሳቸው ሞቱ፤ መሪጌታም ሞቱ፤ ደርሰህም እርጅናው ደርሶ ዳለቻ ነው እንዳለ ሞተ። በየቦታቸው ሌሎች ተተኩ፤ ዓይን መሆን ማዕረግ ሆነ። አንጓች ራሷ ልትሞት ስትል ልጇ ራስጌዋ ተቀምጣ «እማዬ፣ ለመሆኑ አንቺ ምን ዓይነት ቀለም ታዪበት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት ይባላል። አንጓችም «እሱን ለዳኞቹ ተዪላቸው፤ አንቺ ዙሪያውን አሳርሺ» አለቻት።

ዛሬም ማሳው በዘሮቿ እጅ ነው። ጥቂት ዓመት ይሆነዋል፣ ከከተማ አንድ የድንጋይ ምሁር ማጉያ መነጽር ይዞ መጣ። ጧት አይቶ አንድ ስም ጻፈ። ሽማግሎቹ በአክብሮት እኩለ ቀን ድረስ አቆዩት፤ ሰረዘ። ውሃ አፈሰሱለት፤ እንደገና ጻፈ። ፀሐይ አዘቅዝቃ ፍሬዎቹ ጠጅ ሲመስሉ መነጽሩን አውርዶ ተቀመጠ። «እንግዲህ ጌታው፣ ምን ይባል?» ቢሉት፣ «ቁራጭ ልውሰድና ይታይ» አለ። ቁራጩን አልሰጡትም፤ ከበጉ ግን ጎድን ሰጡት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይመጣል፤ ከራሱ ጋር እስካሁን እንዳልተስማማ ይነገራል።

እንግዲህ ነገሩ ከዚህ ደርሷል። አንባቢም ይህን ላለማውራት አደራ አለበት። በተለይም ቀለም አይቶ የማይጠራጠር፣ አንድ ጊዜ አይቶ የሚቆርጥ ሰው ፊት እንዳይነሣ። ሦስት እንዲህ ያሉ ሰዎች በአንድ ቀን እዚያ ማሳ ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ፣ የአንጓች የልጅ ልጆች በማግስቱ መንገድ ላይ ናቸው።