ምንይቸል የሸጣት ላም

ሰው ሁሉ ለሳቅ የሚያነሳት አንዲት ተረት አለች። እኛ የወንዝ ዳር ሰዎች ስንሰማት ግን መጀመሪያ የሚታየን የምንይቸል ደጅ ነው፤ ሳቁም እዚያው ይቀራል።

በዚያ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን አጥለቀለቀው። ሩዙም በቆሎውም ሄደ፤ የብዙ ሰው ከብትም አለቀ። የምንይቸል ላም ቡሬ ግን ከነጥጃዋ ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ጉብታ ላይ ወጥታ ተረፈች። ደግ አደረገች። ሚስቱ ጠጄ ገና አራስ ነበረች፤ የወባ ትኩሳት ጡቷን ስላደረቀው ሕፃኑ የሚያድረው በቡሬ ወተት ነበር።

ውሃው ሲጎድል ከወረዳ ሰው መጣና፣ "ላሙ ለሞተችበት ገበሬ መንግሥት የላም መግዣ ይሰጣል። የሚያጣራ ኮሚቴ ሐሙስ ይመጣል" ብሎ ተናገረ። ምንይቸል ቤቱ ሲደርስ ዓይኑ ከቡሬ ላይ አልነቀል አለ።

"ጠጄ፣ ይቺን ላም ሸጠን ሞታለች እንበል።"

"ምን አልክ?"

"የመንግሥቱ ሲመጣ የተሻለች እንገዛለን እኮ!"

"እስኪመጣስ ልጄ ምን ይጠጣ?"

"ቢዘገይ ሳምንት ነው። በአጥሚትም ቢሆን እንገፋዋለን።"

"ተው ምንይቸል! በልጅ ጉሮሮ አትጫወት!"

አልሰማትም። ጎህ ሲቀድ ቡሬን ከነጥጃዋ በጓሮ አውጥቶ ማንም እሱን ወደማያውቅበት ሩቅ ገበያ ነዳት። ጎርፉ ሰውን ሁሉ ሻጭ አድርጎት ስለነበር ነጋዴው ርካሽ ዋጋ ጠራ፤ ምንይቸልም ሳይከራከር ሰጠ። ያገኘው ለእህል ሆኖ አለቀ።

ኮሚቴው መጣ። ሊቀመንበሩ ባዶውን በረት አይቶ፣ "ጎርፉ ነው የወሰዳት?" አለ።

ጠጄ ሕፃኑን ታቅፋ አቀረቀረች። ምንይቸል፣ "አዎ፣ ጎርፉ ነው" አለ። ጎረቤቶቹ ተያዩ፤ ቡሬን ጉብታው ላይ ያላያት አልነበረም። ግን ማንም አልተነፈሰም፤ ኮሚቴውም አምኖ አለፈ።

ከዚያ ወዲያ የምንይቸል ሥራ ዳገቱን እየወጣ ወረዳ መመላለስ ሆነ። አንድ ቀን "በጀቱ አልተለቀቀም" ይሉታል፤ ሌላ ቀን "ኃላፊው ስብሰባ ናቸው"። ሕፃኑን አጥሚቱ አልስማማው አለ። አንገቱ ሰለለ፤ ለቅሶው ቀጠነ። አንድ ጠዋት ጭራሽ ማልቀሱን ተወ።

ጠጄ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ ሕፃኑን ታቅፋ ጎረቤታቸው እማማ ይመኙሻል ዘንድ ሮጠች። አሮጊቷ ላማቸውን እያለቡ ነበር። ምንም ሳይጠይቁ ጣታቸውን ወተቱ ውስጥ እየነከሩ ከሕፃኑ አፍ አደረጉለት። ምንም። ደግመው ነከሩ። አሁንም ምንም። ጠጄ እንደ ድንጋይ ደርቃ ቆመች። በመጨረሻ የሕፃኑ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ጣታቸውን ያዘና ጠባ። ያን ጊዜ ጠጄ መሬት ላይ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች።

ተከትሏት የመጣው ምንይቸል የሚገባበት ጠፋው። "እማማ፣ የወተቱን እመልሳለሁ። ላም አለኝ" አላቸው።

"ላም አለህ? የታለች?"

ምንይቸል ሳያስበው እጁን አንስቶ ወደ ላይ ጠቆመ፤ ወረዳው ወዳለበት፣ ደመና ወደዋጠው ዳገት።

እማማ ይመኙሻል ጣቱን ተከትለው ቀና ብለው አዩ፤ ከደመና በቀር የሚታይ የለም። ማለቢያውን ከነወተቱ ለጠጄ አቀበሉና እንዲህ አሉት፦ "አዬ ልጄ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።"