ያልታዘዘው ካርድ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ዳምጤ፣ ወይዘሮ ውዴነሽ ጥያቄዋን ገና ሳትጨርስ። ውዴነሽ የልብስ ስፌት ቤት አላት። በቅርቡ ዓለሙ የሚባል ስሙ የተጠራ ሰፊ ቀጥራ ነበር፤ ሥራው ግን ያው እንደ ድሮው እየተጓተተ አንገሽግሿታል። የመጣችው ሰውዬውን ላሰናብተው ወይስ ልታገሠው ብላ ልትጠይቅ ነው። መምህሩ ኮምፒውተር ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸውና ምሳሌያቸውም ከዚያው መጣ።

ሰውየው መድኃኒት ቤት የሚሠራ ነበረ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ ቤቱ ሲገባ የሚያምረው መኪና መንዳት ነው፤ መኪና ስለሌለው በጌም ይነዳል። አሮጌው ኮምፒውተሩ አልችል ሲለው ኤሌክትሮኒክስ ከሚሸጥ የልጅነት ጓደኛው ዘንድ ሄዶ የጌም ላፕቶፕ ገዛ። ጓደኛውም «ይኼ ሁለት ግራፊክስ ካርድ፣ ማለት ስክሪኑ ላይ ምስሉን የሚሥል ክፍል፣ አለው፤ አንዱ ደከም ያለ ነው፣ ለተራ ሥራ። ሌላው ጉልበተኛ ነው፣ ለጌም» አለው። ሰውየው «ጉልበተኛ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ሄደ።

ጌሙን ከፈተ። መኪናዋ ተነሣች፣ ቆመች። ዘለለች፣ ደግሞ ቆመች። መሪውን ሲያዞር የምትታጠፈው አጥሩን ከገጨች በኋላ ነው። ቻርጀሩን ነቅሎ ሰካ። አቧራ ይሆናል ብሎ እፍ እፍ አለበት፤ ትናንት ከካርቶን የወጣ ዕቃ ምን አቧራ አለው? ጌሙን አጥፍቶ እንደገና ጫነው። ቦታ ጠቦት ይሆናል ብሎ ደግሞ ከአሮጌው ኮምፒውተር ያዛወረውን የሠርጋቸውን ቪዲዮ ሳይቀር ደመሰሰ።

«ምን አደረግክ አንተ!» አለች ሚስቱ።

«ይመለሳል» አላት። አልተመለሰም። መኪናዋም ያው መንፏቀቋን ቀጠለች።

ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ወደ ጓደኛው ሱቅ ገሰገሰ። ሱቁ በገዢ ተሞልቷል።

«ጉልበተኛ ያልከው የታለ? ባዶ ቀፎ ነው የሸጥክልኝ!»

«ተረጋጋ እስቲ። ጌሙን ለየትኛው ካርድ እንደሰጠኸው አይተሃል?»

«እኔ ነኝ የምሰጠው? ራሱ አያውቅም? ሌባ!»

ስልክ ስታማርጥ የነበረች ሴት የያዘችውን መልሳ አስቀምጣ ወጣች።

ሰውየው ቤቱ ተመለሰ። አሁን የፈለገው መጫወት ሳይሆን የጓደኛውን ሌብነት ማረጋገጥ ነው። ጌሙን እንደከፈተ ተወውና የማሽኑ ክፍሎች ምን እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ አወጣ። ሁለቱም ካርዶች ተዘርዝረዋል። ደካማው ትንፋሽ እስኪያጥረው ጌሙን ተሸክሟል። ጉልበተኛው ደግሞ አለ፤ ጤነኛ ነው፤ ዜሮ ላይ ቁጭ ብሏል። ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል በስም ያልተለየለትን ሥራ ሁሉ ለደካማው ነበር የሚሰጠው።

ሰውየው ፊቱ ጋለ። ሴቲንግ ውስጥ ገባ፣ የጌሙን ስም ፈልጎ አወጣና «ይህን በጉልበተኛው» ብሎ አዘዘ። ጌሙን ዘግቶ ከፈተው። መኪናዋ ነፋስ ሆነች። እሱ ግን መሪውን አልነካም። ላፕቶፑን ከድኖ ወደ ሱቁ ሄደና በሰደበበት ቦታ፣ በገዢዎች ፊት «ሌባ ያልኩህ በሐሰት ነው፣ ማረኝ» አለ። ጓደኛውም ማረው። ከዚያ ወዲህ ግን ሰላምታቸው እንደ ድሮው አልሆነም።

መምህሩ ወደ ውዴነሽ ዞሩ።

«ሰውዬው አንቺ ነሽ። ላፕቶፑም የስፌት ቤትሽ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ ሙሽሪት ቀሚስ ስታዝ ለማን ትሰጪዋለሽ?»

«ለእህቴ ልጅ ነዋ። እሷ እምቢ አትልም፣ የለመደችውም እሷ ናት።»

«ዓይኗ እስኪጠፋ ትሰፋለች። ባለሙያውስ?»

«ቁልፍ ይተክላል» አለች ውዴነሽ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ውድ ጨርቅ እንዳያበላሽብኝ ብዬ እኮ ነው። ደግሞ ሰፊ ከሆነ ራሱ አይቶ አይነሣም?»

«አይነሣም!» መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ስንት ዓመት ስለፈለፍ ኖርኩ፣ ሰው ግን ያው ነው! ያልሰጠሽውን ቢነካ እጅህን ሰብስብ የምትዪው አንቺ፤ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ሰነፍ የምትዪውም አንቺ! ካርዱ የተኛው ሰንፎ አይደለም፣ የሚያዘው አጥቶ ነው። ሂጂና ቀሚሱን ይዘሽ፣ የሰውዬውን ስም ጠርተሽ 'ይህ ያንተ ነው' በዪው። ሰጥተሽው ካቃተው ያኔ አሰናብቺው። ሳትሰጪው 'አይችልም' ያልሽ ዕለት ግን ሐሰተኛዋ አንቺ ነሽ።»

ውዴነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«የሙሽሪትን ጨርቅ አትቁረጪው» አለች ለእህቷ ልጅ። «ለጋሽ ዓለሙ ስጪውና አንቺ ትንሽ ጋደም በዪ።»