ሰባት ኪሎ እና አንድ ሙዝ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ ሙዝ መመዘን ነው።

አርባ ምንጭ አጠገብ ገበሬው ሙዙን በጋሪ እያመጣ የሚያራግፍበት ቦታ አለ። እዚያ ከአንድ ትልቅ የብረት ሚዛን ጎን ቆማ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ልጆቼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሥራ የሠራ ሰው እጁ ራሱ ሚዛን ይሆናል። የሙዙን ዘለላ ከፍ አድርጋ ትይዝና «አስራ አራት» ትላለች። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ አስራ አራት ነው። በግማሽ ኪሎ እንኳ ማንንም አታልላ አታውቅም። ስሟ አጸደ ይባላል።

አጸደ አንድ ወንድም አላት፤ ዘለቀ። እናታቸው ገበያ ስትውል አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አድጎ ተማረና አዲስ አበባ አስተማሪ ሆነ፣ ሚስት አገባ፣ ልጅ ወለደ። ከዚያ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ። ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ደሙን በመሣሪያ እያሳጠበ ቆየ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ከሥጋ ዘመዱ አንድ ኩላሊት ካልተገኘ ሰውነቱ ብዙ እንደማይችል ነገሩት።

አጸደ ሄዳ ተመረመረች። ኩላሊቷ ገጠመ። ቀን ተቆረጠ፤ ሐሙስ። ረቡዕ ከሰዓት በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገብታ በቀጥታ ሆስፒታል ትተኛለች። ያ ሐሙስ ካመለጠ ተራው ለሌላ በሽተኛ ያልፋል፤ ለእነሱ ሌላ ቀን የሚገኘው ከወራት በኋላ ነው። ዘለቀ ደግሞ በእጁ ወራት የሉትም።

የዘለቀ ልጅ ሕሊና ስልክ ደወለችላት። ሆስፒታል ከአልጋው ጎን ያለው ቁም ሣጥን ትንሽ እንደሆነ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት እንደማትችል አስረዳቻትና እንዲህ አለቻት፦

«አክስቴ፣ የእጅ ሻንጣ ብቻ ያዢ። ሰባት ኪሎ። በቃ።»

አጸደም እሺ አለች። ትንሽ ጥቁር ሻንጣ አወጣች። የሌሊት ልብስ፣ ነጠላ፣ ነጠላ ጫማ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን፣ በትልቅ ፖስታ ያለውን የምርመራ ወረቀቷን ከተተች። ዘጋችና በእጇ አነሳችው። አራት ኪሎ።

ይኼኔ ሻንጣው መቅለሉ አስፈራት።

ለምን? እናንተ ታውቁታላችሁ። በእኛ አገር የታመመ ለመጠየቅ ባዶ እጅ ይኬዳል? ወንድም ዘንድ፣ ያውም ከሞት ጋር የተያያዘ ወንድም ዘንድ፣ ምን ፊት ተይዞ ባዶ እጅ ይገባል? «ጥቂት ሙዝ ብቻ» አለች። ከዘለላ ጥቂት ገንጥላ ጨመረች። ጎረቤት ሰማ። እማማ ዳንሴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አሮጊት ናቸው፤ ዘለቀን በልጅነቱ ስለሚያስታውሱት በገዛ እጃቸው የቃሪያ ዳጣ ፈጭተው በብልቃጥ አመጡ። አቶ ሻንቆ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ለደም ጥሩ ነው ብለው የደረቀ የሽፈራው ቅጠል አመጡ። አንዷ ቅቤ፣ አንዷ ማር። ሁሉም አደራ ይላል፤ አደራ የተባለ ነገር ደግሞ እንዴት ይመለሳል? ሻንጣው ሞልቶ ነገሩ ወደ ማዳበሪያ ከረጢት ዞረ።

ግን ልጆቼ፣ ከይሉኝታው ሥር ሌላ ነገር ነበር። ለማንም አልተናገረችውም። «ኩላሊቴ እምቢ ቢልስ?» ትል ነበር በልቧ። «ገብቶ ባይሠራስ? ቢያንስ ሙዙን ይበላልኛል። ቢያንስ የሆነ ነገር ይዤለት ሄጄ ነበር እላለሁ።» አያችሁ? ማዳበሪያው ውስጥ የታሰረው ፍርሃቷ ነበር።

ረቡዕ ባጃጁ ደጅ ቆሞ እየጠበቀ የመጨረሻው ጥቅል ገና ይታሰር ነበር። ሽኝቱ ረዘመ። ሊሸኟት አብረዋት ከተሳፈሩት ከአቶ ሻንቆ ጋር አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ገብቷል።

የመስተንግዶዋ ልጅ ማዳበሪያውን አየችና ሚዛን ላይ እንዲቀመጥ ጠየቀች።

«ሃያ ሦስት ከግማሽ ነው» አለች አጸደ ሳይቀመጥ።

ተቀመጠ። ሃያ ሦስት ከግማሽ። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። አጸደ አፈረች። ለካስ ታውቅ ኖሯል! ከቤቷ ስትወጣም ታውቅ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ማንንም ያላታለለች ሴት በዚያች ቀን ራሷን አታለለች።

ልጅቷ አልተቆጣችም። የዕቃ መጫኛው እንደተዘጋ፣ አሁን መግባት የሚችለው በእጅ የሚያዝ ሰባት ኪሎ ብቻ እንደሆነ ቀስ ብላ ነገረቻት። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«እናቴ፣ በሩ ሊዘጋ አስር ደቂቃ ቀርቶታል። ወይ ዕቃው ይቀራል፣ ወይ እርስዎ ይቀራሉ።»

አጸደ መሬት ላይ ተንበርክካ ሻንጣዋን ከፈተች።  የእማማ ዳንሴን ዳጣ ለማስገባት የሌሊት ልብሷን አወጣች። ማሩን ለማስገባት ነጠላ ጫማዋን አወጣች። ሙዙ አልገባ አላት፤ ገፋችው፣ አሁንም አልገባ አለ። በመጨረሻ ትልቁን ፖስታ መዘዘችና ወለሉ ላይ አኖረችው።

ልብ በሉልኝ። ለሙዙ ቦታ ለማግኘት የሐኪሙን ወረቀት አወጣች።

አቶ ሻንቆ ጎንበስ ብለው ፖስታውን አነሱት። አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «አጸደ፣ የምትተዪው ይሄን ነው?» አሏት።

አየችው። 

ሽማግሌው ከዚያ ሁሉ ጥቅል መሀል መጀመሪያ የራሳቸውን ሽፈራው ፈልገው አወጡና ብብታቸው ሥር አደረጉት። እሳቸው ከጀመሩ ማን ይቀየማል? ሌላውንም ለየባለቤቱ እንደሚመልሱ ነገሯት። «እማማ ዳንሴን ደግሞ እኔ አስረዳቸዋለሁ፣ ቢቆጡም እኔን ይቆጡ» አሏት። ሻንጣዋን በገዛ እጃቸው መልሰው አሰናዱላትና በትከሻዋ አንጠለጠሉላት።

«እኛ የላክነው አንቺን ነው፤ ሙዝ አይደለም። ሂጂ፣ ልጄ» አሉ።

ሮጠች። መፈተሻው ጋ ሻንጣዋ በመሣሪያው ውስጥ አለፈ፤ በውስጡ ያለው ሁሉ በስክሪኑ ታየ። እሷንም እጇን አስዘርግተው ፈተሿት። «ሌላ የያዙት ነገር አለ?» ብለው ጠየቋት። «ምንም የለኝም» አለች፤ እንባዋ መጣ።

ልጆቼ፣ እውነቷን ነበር? ምንም አልያዘችም ነበር? መሣሪያው ሻንጣዋን አይቷል። እጅ ኪሷን ዳብሷል። የሰው ሕይወት ግን በዚያ በር ሲያልፍ ማን አየው?

አውሮፕላኑ ተነሳ። አጸደ በመስኮት ስታይ የአባያ ሐይቅ ቀይ ሆኖ እስከ ተራራው ሥር ተዘርግቷል። ያንን የሚያህል ውኃ በአንድ መዳፍ የሚከደን መሰላት። ቤቷን ፈለገች፣ አጣችው። ትልቁን የብረት ሚዛን ፈለገች፤ እሱም የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ስትመዝን የኖረችበት ግቢ ከሙዙ፣ ከጋሪው፣ ከጩኸቱ ጋር አንድ አረንጓዴ ነጥብ ሆነ፤ እሱም ከደመና ሥር ገባ። «አቤት ጌታ ሆይ» አለች።  የታሰረላት ሁሉ ቀርቷል፤ እሷ ግን በሰማይ መሀል ተይዛ ትሄዳለች። የያዛት ማን ነው?

ሆስፒታል ስትገባ ዘለቀን ፊቱ አብጦ፣ ከትራስ ተደግፎ አገኘችው። ጨዋታ ግን አልተወውም። ትንሿን ሻንጣ አየና «እትዬ፣ ባዶ እጅሽን መጣሽ? የሙዝ አገር ሰው አይደለሽም እንዴ?» አላት።

እሷ የምሯን አለቀሰች። ሁሉንም ነገረችው፤ ማዳበሪያውን፣ ወለሉን፣ አቶ ሻንቆን። ዘለቀ እስከ መጨረሻው ሰማትና ሳቀ። ሲስቅ ሰውነቱን አመመው።

«እትዬ፣ እኔ ሙዝ ከተከለከልኩ ዓመት ሆነኝ። ለዚህ በሽታ ሙዝ አደገኛ ነው። ሽፈራው ነው ያልሽውም እንደዚያው» አላት።

አጸደ ደነገጠች። በየሳምንቱ በአውቶብስ ሾፌር እጅ የላከችለት ያ ሁሉ ሙዝስ? ለነርሶቹ ሲያድለው ኖሯል። እሷ ስትደውል ግን «ደረሰኝ፣ ጣፈጠኝ» ይላታል። ለሙዝ መዛኝ እህቱ ሙዝ ተከለከልኩ ብሎ እንዴት ይንገራት? ሊያሳዝናት አልፈለገም።

እዩት እንግዲህ። አውሮፕላን ሊያስቀራት የነበረው ሸክም፣ ለእሱ ስትል ወረቀቷን ወለል ላይ የጣለችለት ሸክም፣ ወንድሟን የሚጎዳ ነበር።

ሐሙስ ሆነ። ሁለቱን በየክፍላቸው አስገቧቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ አጸደ ግድግዳ ይዛ መራመድ ስትጀምር የቀዶ ሐኪሙ መጣ። ኩላሊቱን ቦታው ላይ አኑረው ደሙን ሲለቁበት ምን እንዳዩ ነገራት፦ የነጣው ኩላሊት ወዲያው ቀላ፣ እዚያው በዓይናቸው ፊት ሥራውን ጀመረ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ብዙ ጊዜ ያየው ሐኪም እንኳ ዝም አለ።

አጸደ ጥቂት አሰበችና እንደ መዛኝ ጠየቀች፦ «ዶክተር፣ ስንት ይመዝናል?»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ከመቶ ሃምሳ ግራም ብዙ አይበልጥም። እንደው የአንድ ሙዝ ያህል ነው» አላት።

አንድ ሙዝ። እሷ አንድ ሙዝ መዝና አታውቅም። በዚያ ትልቅ ሚዛን ላይ አንድ ሙዝ ቢቀመጥ ቀስቱ ንቅንቅ አይልም። ከዘለላ ተገንጥሎ ሲወድቅም አንስቶ የሚቆጥረው የለም።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አርባ ስድስት ዓመት ተሸክማዋለች፤ አንድ ቀን ከብዷት አያውቅም። ሙዝ ስትጭን፣ ስታለቅስ፣ ስትተኛ አብሯት ነበር። ማን ጠቀለለው? ማንስ በእሷ ውስጥ አስቀመጠው? ዘለቀ ገና ሳይወለድ፣ ሳይታመም፣ እሷ በአንድ እናት ማኅፀን ስትሠራ ለእሱ የሚሆነው ተሰናድቶ ነበር። እሷ ስንቅ ስታስር ሰነበተች፤ ስንቁ ግን ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት ታስሮ አልቋል።

ከሳምንታት በኋላ የደም ምርመራው ጥሩ ሆነ። ሐኪሙ ለዘለቀ አንድ ሙዝ፣ አንድ ብቻ፣ ፈቀደለት። ሕሊና ከበር ላይ ገዝታ አመጣች። አጸደ ተቀበለቻትና ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ያዘችው። ዓይኗን ጨፈነች። ሙዝ ይዛ የማታውቅ ይመስል በጣቶቿ ዳበሰችው።

«ስንት ነው፣ እትዬ?» አላት ዘለቀ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትመዝን ልጣ ሰጠችው።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ከመካከላችሁ እናቱን ሳያይ ሦስት ዓመት ያለፈው ሰው አለ። «እጄ ላይ የሆነ ነገር ሲገባ እሄዳለሁ» ይላል። እናት እኮ በር በሩን ታያለች እንጂ እጅ አታይም። የታመመ ጓደኛዋን የማትጠይቅ እህትም አለች፤ ምን ይዤ ልግባ ብላ ነው። ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ መታረቂያ የሚሆን ቃል ሲያጠራቅም፣ ሽማግሌ ሲመርጥ፣ ቀን ሲቀጥር ዕድሜው የሚያልቅ አለ። ወደ እግዚአብሔር ለመቅረብም እንዲሁ ነው፤ «መጀመሪያ ልስተካከል፣ መጀመሪያ ጥቂት መልካም ነገር ልያዝ» እንላለን። ጥቅሉ ይታሰራል፣ ይታሰራል፤ ባጃጁ ደጅ ቆሟል።

የምታስሩት ነገር ክፉ ነው አላልኩም። የእማማ ዳንሴ ዳጣ ክፉ ነበር? ፍቅር ነበር እንጂ። ግን በሩ ሊዘጋ ሲል፣ ልጆቼ፣ ከሻንጣችሁ መዛችሁ ወለል ላይ የምታኖሩት የቱን ነው? እስቲ ዝቅ ብላችሁ እዩት። ፖስታውን እንዳይሆን።

ደግሞ አትፍሩ። «እኔ ምን አለኝ» የምትሉ፣ እናንተን ነው የምለው። በእናንተ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ። ከመቅለሉ የተነሳ እንደያዛችሁት እንኳ አታውቁም። የምታውቁት ያ ሰው በፊታችሁ ሲስቅ፣ ቀለሙ ሲመለስ ነው። ያኔ እናንተም እንደዚያ ሐኪም ዝም ትላላችሁ።

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤት ተመልሳችሁ አንዳች ነገር አትፈልጉ። ከዚሁ በቀጥታ ሂዱ። በሩን አንኳኩ። «ባዶ እጅሽን መጣሽ?» ቢሏችሁ አትሸማቀቁ፤ ግቡ፣ አጠገባቸው ተቀመጡ።

እግዚአብሔር የላከው እኛን ነው።