ክፍተት የሚሞላ ወረቀት

አንድ ቀን ለቡ አካባቢ፣ በአንድ ባለ አምስት ፎቅ ጅምር ሕንፃ ላይ፣ ሕንፃው ለምን እንደዘገየ ይጠና ዘንድ ሥራ እንዲቆም ታዘዘ። ያዘዘው የሳይቱ ኃላፊ ኢንጂነር ናሁሠናይ ነው። ኢንጂነሩ በግንባታ ሥራ አመራር ሦስተኛ ዲግሪውን እየተማረ ነበር። ዶክተርነቱ ገና መንገድ ላይ ቢሆንም የበሩ ዘበኛ ቀድሞ ወጥቶ ስለተቀበለው፣ መላው ሠራተኛ «ዶክተር» ይለው ነበር። እሱም ሰው ማስቀየም ስለማይወድ ዝም ይላል።

የጥናቱ ርዕስ «ሕንፃዎች የሚዘገዩበት ምክንያት» ነው። እኛ ያልተማርነው፣ ሕንፃ የሚዘገየው ሲሚንቶ ሲጠፋ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ኃላፊው ትምህርት ቤት ሲውል ይመስለን ነበር። ኢንጂነሩ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አንብቦ ምክንያቱን ደርሶበታል፤ ፎርማኖች ናቸው። የቀረው ይህንኑ ከፎርማኖቹ ከራሳቸው አፍ ማረጋገጥ ብቻ ነበር።

የዚያ ሳይት ፎርማን ጋሽ ዘርጋው ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አርማታ ሲያስሞላ የኖረ፣ ቃል ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነው። ባለንብረቷ ወይዘሮ እታፈራሁ በዚያ ሳምንት ቁርጡን ነግረውታል። ሐሙስ የአራተኛው ፎቅ ወለል ካልተሞላ፣ ዓርብ ሌላ ፎርማን ይመጣል። ስለዚህ ጋሽ ዘርጋው አርማታው የሚፈስበትን የጣውላ ፎርም አስመትቶ፣ ብረቱን አሳስሮ፣ ሐሙስን እንደ ዓመት በዓል ይጠብቅ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ኢንጂነሩ አንድ ካርቶን ወረቀት አስጭኖ ከተፍ አለ። ለአርባ ሠራተኛ አርባ የጥያቄ ፎርም፣ እያንዳንዱ አሥራ ዘጠኝ ገጽ። መልሱ ከ«በጣም እስማማለሁ» ጀምሮ እስከ «በጣም አልስማማም» በአምስት ደረጃ ይወርዳል። ጋሽ ዘርጋው አንዱን አንስቶ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበ፤ «ለሕንፃዎች መዘግየት ዋናው ምክንያት የፎርማኖች ድክመት ነው» ይላል። ሁለተኛውን አነበበ፤ «የፎርማኖች ድክመት ለሕንፃዎች መዘግየት ዋናው ምክንያት ነው» ይላል። ሦስተኛውን ማንበቡን ተወውና፣ ወረቀቱን በጣቶቹ መሀል አሸት አሸት አድርጎ ውፍረቱን ካየ በኋላ፣ ይህ ነገር ለምን እንደሚጠቅም ጠየቀ።

«ተራ ወረቀት እንዳይመስልህ፣ ጋሽ ዘርጋው» አለ ኢንጂነሩ፣ ሠራተኛው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ትልቅ ክፍተት የሚሞላ ወረቀት ነው።»

«የቱን ክፍተት?»

«እስከ ዛሬ ማንም ያልደፈነውን።»

«ይሞላል ግን?»

«ይሞላል አልኩህ እኮ።»

ጋሽ ዘርጋው ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ፤ ሦስተኛ ጊዜም ይሞላል ተባለ። ኢንጂነሩ ሲወጣ የመጨረሻ ትእዛዙን ሰጠ፤ ጠዋት ሥራ ቆሞ ፎርሙ ይሞላ። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ከወይዘሮ እታፈራሁ ጋር ይመጣል፤ እስከዚያ ፎርሙ ሳይሞላ ወደ ምሳ የሚንቀሳቀስ ሰው እንዳይኖር።

ሐሙስ ጠዋት የአርማታ መኪናው ሆዱን እያዞረ ደረሰ። ምሁር ሲቆይ ይበስላል፤ አርማታ ሲቆይ ይደርቃል። ከሁለቱ ቆይ የማይባለው የትኛው እንደሆነ ጋሽ ዘርጋው ያውቃልና ሙሌቱን አስጀመረ። ብዙም ሳይቆይ በጣውላዎቹ መጋጠሚያ የሲሚንቶው ውሃ ይሾልክ ጀመር። ውሃው ሾልኮ ካለቀ አርማታው ሲደርቅ የማር እንጀራ ይሆናል፣ ቀዳዳ በቀዳዳ። እንዲህ ሲሆን የሲሚንቶ ከረጢት ቀድዶ መወተፍ የአባት ነው። ግን አርማታው ተቦክቶ በመኪና ስለመጣ በሳይቱ አንድም ከረጢት የለም። አንዱ አናጢ ሸሚዙን ሊወትፍበት ቁልፉን መፍታት ጀምሮ ነበር። ጋሽ ዘርጋው ዞር ዞር ብሎ ሲያይ፣ ዓይኑ ካርቶኑ ላይ አረፈ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ኢንጂነሩና ወይዘሮ እታፈራሁ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። ሠራተኛው እጁን ታጥቦ፣ ወለሉን ደግፈው በቆሙት ባሕር ዛፎች መሀል ጥላ ይዞ ተቀምጧል።

«ፎርሙ ተሞላ?» አለ ኢንጂነሩ።

«ተሞላ፣ ዶክተር» አለ ጋሽ ዘርጋው።

«ሁሉም?»

«እስከ አፉ።»

«ሳይነካ የታለፈ ቦታስ?»

«ጥጋ ጥጉን ሳይቀር በብረት እየወጋን ነው የሞላነው።»

ኢንጂነሩ በብረት የሚለውን አልሰማውም፤ ደስታ ጆሮ ይደፍናል። ወደ ወይዘሮ እታፈራሁ ዞሮ፣ ሕንፃቸው የዘገየበትን ምክንያት ዛሬ በፎርማኑ በራሱ እጅ ተሞልቶ እንደሚያገኙት፣ ከዚያ በኋላ ውሳኔው የእርሳቸው እንደሆነ አስረዳቸው። ከዚያም ወረቀቱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

ጋሽ ዘርጋው በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ።

ሁለቱም ቀና አሉ። ከራሳቸው በላይ የአራተኛው ፎቅ ወለል ሙሉ ሆኖ ተኝቷል። ከጣውላ ጣውላ መሀል ነጭ ወረቀት እንደ ስፌት ክር ተሰግስጓል። ከአንዱ መጋጠሚያ ተንጠልጥላ የቀረች ቅዳጅ ላይ «በጣም እስማማለሁ» የሚለው ከታች ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ኢንጂነሩ በሹክሹክታ ጠየቀ።

«የሦስት ዓመት ጥናቴን… ማን ፈቀደልህ?»

«እርስዎ ነዎታ፣ ዶክተር» አለ ጋሽ ዘርጋው፣ ባርኔጣውን አውልቆ። «ክፍተት ይሞላል ብለው በአርባ ሰው ፊት ሦስቴ ነገሩኝ፤ እውነትዎን ነው፣ ሞላ። አንዲት እርማት ብቻ አለችኝ። ክፍተቱን ትልቅ ነው ብለው ነበር፤ እኔ ስለካው ሁለት ጣት ነው።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ጠብታ ይወርድ እንደሆነ መዳፋቸውን ዘርግተው ትንሽ ጠበቁ። አልወረደም። ዓርብ ጠዋት ፎርማኑ ያው ጋሽ ዘርጋው ነበር። ኢንጂነር ናሁሠናይም ኋላ እውነተኛ ዶክተር ሆኗል። ብቻ ጥናትህ የሚሞላው ክፍተት ምን ያህል ነው ብለው ሲጠይቁት፣ እስከ ዛሬ በሴንቲሜትር ነው የሚመልሰው አሉ።