ደባልቄ የተጠራ ለታ

እኛ አገር አንዲት ሴት ባሏ ወይም ወንድሟ «እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል» እያለ ሲፎክር ከሰማች አትከራከረውም፤ ፈገግ ብላ አንድ ተረት ጣል ታደርግበታለች። ወንዶቹ ያቺን ተረት አይወዷትም። «የሴት ወሬ ነው፣ መነሻ የለውም» ይላሉ። መነሻማ አለው። መነሻው እታፈራሁ ቤት ነው፣ ከወንዙ ወዲህ፣ ከገበያው መንገድ ዳር። እኔም ስሰማው እንዳደግሁት ልንገራችሁ፤ ብጨምርበት እንኳ ለወጥ የሚበቃ ጨው ያህል ነው።

እታፈራሁ ባሏ ደባልቄ ከሞተባት ወዲህ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ፍቅሩን ግን አትረፍርፎ ሰጥቷቸው ነበር። ደባልቄ ቁመቱ አጠር፣ ድምፁ ጎላ ያለ፣ እንግዳ የሚወድ ሰው ነበር። ቤቱን መንገድ ዳር የሠራውም ለዚሁ ነው። ገበያ ውሎ የመሸበት፣ ወንዝ ሞልቶ ያገደው ሁሉ «ቤቶች፣ የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ የሚጣራው እሱ ደጅ ነበር። የመሸበትን ሰው መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ጅብ ቢበላው ደሙ በባለቤቱ ላይ ነው ይባላል። ቤቱም ደባልቄ ከሞተ በኋላ ሳይቀር በመንገደኛው አፍ «የደባልቄ ቤት» እንደተባለ ቀረ።

ደባልቄ ታዲያ እንግዳ ወዳድ እንጂ ሞኝ አልነበረም። ማንም ቢጣራ ወዲያው መቀርቀሪያውን አይነካም። መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቀጥሎ በመስኮቷ በኩል «ወንድሜ፣ እስቲ ከበሩ ራቅ በልና ሜዳው ላይ ቁምልኝ፣ ልይህ» ይለዋል። ከዚያ ይጠይቃል፤ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ፣ እዚህ አገር የሚያውቅህ ማን አለ። መልሱ ካማረው እራቱ በመስኮት ይወጣለታል። ማደሪያው ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ለእንግዳ ተብላ የተሠራች፣ ቁርበት የተነጠፈባት ጎጆ ናት። የቤቱ በር የሚከፈተው ሲነጋ ነው።

እታፈራሁ አዲስ ሙሽራ ሳለች በዚህ ታፍር ነበር።

«ሰው ምን ይለናል? እንግዳውን እንደ ሌባ መርምረው አሳደሩት አይሉም?»

«የኔ እመቤት፣ እውነተኛ እንግዳ ይደክመዋል እንጂ አይቸኩልም» አላት። «ቢጠይቁትም አይከፋውም፤ እሱም ቤቱ ሚስት ትቶ ነው የመጣ። ክፈቱ ክፈቱ ብሎ የሚያጣድፍሽ ሲመጣ፣ ያን ጊዜ ፍሪ።»

ታሞ አልጋ ላይ የዋለ ጊዜም ይህንኑ ነበር የሚያስበው። እጇን ይዞ «ብዙ የምተውልሽ የለኝም፣ ስሜን ግን ትቼልሻለሁ» አላት። «ማታ ሰው ከመጣብሽ ጥሪኝ። መንገደኛ መሞቴን በምን ያውቃል?» እሷ ትኩሳቱ የሚያናግረው መስሏት አለቀሰች። ከተዝካሩ በኋላ ግን ነገሩ ገባትና ከአጥር ወዲያ ያሉትን ጎረቤቷን እሜቴ ወለላን አማከረቻቸው። እሜቴ ወለላ እንቅልፍ ከከዳቸው ቆይቷል፤ ምላሳቸውም እንደ ዓይናቸው አይተኛም። ሁለቱ ሴቶች እንዲህ ተስማሙ፦ እታፈራሁ ማታ ደባልቄን ከተጣራች፣ ውጭ ያለው ሰው «ባል አላት» ብሎ ይፈራል፤ እሜቴ ወለላ ግን የተጠራው ሰው መቃብር ውስጥ መሆኑን ያውቃሉና ችግር መምጣቱ ይገባቸዋል። ወዲያው ውሻቸውን ይፈታሉ፣ ልጆቻቸውን ይቀሰቅሳሉ።

በዚህ ሁኔታ በደኅና ስትኖር፣ አንድ የመኸር ወራት ላይ ክፉ ወሬ መጣ። ከወንዙ ማዶ አንዲት ባልቴት «የመሸብኝ ነኝ» ላለ ሰው ሳትጠይቅ ከፍታ ሌቦች ቤቷን አራቆቱባት፣ እሷንም ደብድበው ጣሏት። ወሬው በተሰማ ማግሥት የእታፈራሁ ታላቅ ወንድም ጋሽ ይርዳው አህያ እየነዱ ከተፍ አሉ። ጋሽ ይርዳው ደግ ሰው ናቸው፣ እኅታቸውንም ይወዳሉ፤ ብቻ መውደዳቸው ጩኸት ይበዛዋል።

«ዕቃሽን ሸክፊ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት ነሽ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ቤቴስ ጋሼ?»

«ጭድ እንከትበታለን።»

እታፈራሁ ዙሪያዋን አየች። ግድግዳውን የመረገው ደባልቄ ነው፤ የጣቶቹ ፈለግ እስከ ዛሬ አለ። መደቡን ያበጀው፣ መስኮቷን ያወጣው እሱ ነው። ከዚህ ቤት ከወጣች ሁለተኛ የምትቀብረው መሰላት። የሰው ምድጃ ጥግ ይዛ፣ «ቡና ልውቀጥላችሁ ወይ» እያለች የምትኖር ጥገኛ መሆኑንም ልቧ እምቢ አለ።

«እኔ እኮ ብቻዬን አይደለሁም። ደባልቄ ይጠብቀኛል» አለች።

«እታፈራሁ፣ አእምሮሽን ያዢ። ሙት ቤት አይጠብቅም። ቤት የሚጠብቅ በሕይወት ያለ ወንድ ነው።»

«እንግዲያው እርስዎ አሉ አይደል? እርስዎ ይጠብቁኝ።»

ጋሽ ይርዳው ይህን አልጠበቁም። ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ይሁን። የራሴን ለልጆቼ ትቼ የአንቺን እህል ወቅቼ እስካስገባ ድረስ እዚሁ አድራለሁ። በዚህ መሀል እኔን ከመኝታዬ የሚያስነሳ ነገር አንድ ሌሊት እንኳ ከመጣ ግን ያለ አንዳች ቃል ትከተይኛለሽ።»

«እርስዎን ሳያስነሳ ካለፈስ?»

«ሳያስነሳኝ ካለፈማ ቤትሽን ይባርክልሽ፤ ሁለተኛ አላነሳብሽም።»

እሜቴ ወለላ እሳት ሊጭሩ መጥተው ገሉን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «እኔ ምስክር ነኝ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ጋሽ ይርዳው ቃላቸውን አከበሩ። ማታ ማታ ዱላቸውን ታቅፈው በሩን ተደግፈው በቁመታቸው ይጋደማሉ፤ «በእኔ ሬሳ ላይ ተራምዶ ካልሆነ ማንም አይገባም» ይላሉ። የመጀመሪያዋን ማታ ዶሮ ከቆጥ ብትወርድ «ማነህ!» ብለው ተነሥተዋል። እያደር ግን ቀኑን አውድማ ላይ በሬ ሲነዱ ይውላሉ፣ ማታ ጠላው አለ፤ ከዚያ ወዲያ ማንኮራፋት ነው። ማንኮራፋታቸውስ የጣራውን ጥላሸት ያረግፍ ነበር። እታፈራሁ ጥጥ እየፈተለች ታዳምጣቸዋለች። «ይሄን ሁሉ ጩኸት በእንቅልፋቸውም አይተዉት» እያለች ለብቻዋ ትስቅ ነበር።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን ማታ፣ እንዝርቷን እንደያዘች ውሻ ጮኸ፤ ቀጥሎ በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች፣ ቤቶች፣ የመሸብኝ እንግዳ ነኝ።»

ኩራዟን ዝቅ አደረገችና ወደ ወንድሟ ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ ጋሼ፣ ሰው መጥቷል።»

«አስሬዋለሁ» አሉ ጋሽ ይርዳው። ስለ በሬያቸው ነው። ዞረው ተኙ።

አሁን እውነቱን መናገር ደግ ነው። እታፈራሁ ወንድሟ ከተነሡ ቤቷ እንደሄደ ታውቃለች። ለአንዲት ቅጽበት እጇን ሰበሰበች። ግን ነፍስ ከቤት ይበልጣል፤ ኮሌታቸውን ይዛ ነቀነቀቻቸው፣ ስፌቱ እስኪተረተር ድረስ። ጋሽ ይርዳው አፋቸውን ትንሽ አላመጡና ማንኮራፋቱን ካቆሙበት ቀጠሉ። ወንድሟን አንቅቶ የማስነሣት ነገር እንደማይሆን ስታይ ትታቸው ወደ መስኮቷ ሄደች።

«ወንድሜ፣ ከበሩ ራቅ በልና ሜዳው ላይ ቁምልኝ፣ ልይህ» አለች።

ሰውየው አልራቀም። እንዲያውም ወደ ግድግዳው ተጠጋ። «ብርዱ ጨረሰኝ እመቤቴ፣ ቶሎ ይክፈቱልኝ» አለ። «ባለቤትዎ ተኝተዋል መሰለኝ፣ ሲያንኮራፉ ይሰማኛል። ምን ያስቀሰቅሳቸዋል፣ እርስዎ ብቻ ቀስ ብለው ይክፈቱ።»

የወንድሟ ማንኮራፋት ጥበቃ መሆኑ ቀርቶ ለሌባው ምሥራች ሆኖለታል። የሞተው ባሏ «የሚያጣድፍሽ ሲመጣ ፍሪ» ያላት ሰው ይኸው በሯ ላይ ነው። ፈራች፣ አብዝታ ፈራች። ቢሆንም መጠየቋን አላቆመችም።

«እዚህ አገር የሚያውቅህ ማን አለ?»

«ራሱ ደባልቄ ያውቀኛል እንጂ፣ ወዳጄ አይደለም ወይ? ዛሬ ገበያ ላይ ተገናኝተን ‹ከመሸብህ እኔ ቤት እደር› ብሎኝ እኮ ነው። ድካም ይዞት ነው የተኛው።»

እታፈራሁ ነገሩ ገባት። የቤቱን ስም ከመንገደኛ ሰምቶ ነው የመጣው።

«ደባልቄ ዛሬ ገበያ ውሏል?»

«ውሏል እንጂ።»

«ምን ሲገዛ አየኸው?»

«በግ። ጥሩ ሙክት ሲያገላብጥ ነበር።»

«እሱማ ሙክት ይወዳል» አለችና፣ እዚያች ጨለማ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሀል ሳቅ ሊያመልጣት ደረሰ። ከዚያ ደረቷን ሞልታ ተጣራች። «ደባልቄ! ኧረ ደባልቄ! ወዳጅህ መጥቷል፣ ተነሥና ክፈትለት!»

«ኧረ ይተዉት፣ አይቀስቅሱት» አለ ሰውየው።

«አቤት! መጣሁ!» የሚል ጎርናና ድምፅ ከጨለማው ውስጥ መለሰ። «ጦሬን የት አደረግሽው?»

እሜቴ ወለላ ናቸው። እርጅና ድምፃቸውን እንደ ወንድ አድርጎታል፤ በዚያች ማታ እርጅናቸውን አመሰገኑት። ወዲያው ውሻው ተፈቶ አጥሩን ዘለለ፣ ልጆቻቸው ችቦ ለኩሰው በሩጫ ወጡ። ሰውየው እግሬ አውጪኝ አለ፤ ከቤቱ ጀርባም ሌሎች ሲሮጡ ተሰሙ። ሲፈልጉ ከግድግዳው ሥር አንድ ድጅኖ፣ ገመድና ባዶ ስልቻ ተጥሎ አገኙ።

እሜቴ ወለላ በሩ ላይ መጥተው «እኔ ነኝ፣ ክፈቺ» አሉ።

«እሜቴ፣ ይቅርታዎን፣ ችቦው ዘንድ ይቁሙልኝ፣ ልይዎት» አለች እታፈራሁ በመስኮት።

«ደግ አደረግሽ» ብለው አሮጊቷ ሄደው ብርሃኑ ላይ ቆሙላት። ያን ጊዜ መቀርቀሪያውን ሳበች። በሩ ግን አልከፈት አለ፤ ዘበኛው አለበታ። በስንት መከራ ጋሽ ይርዳውን እንደ ግንድ አንከባልለው መንገድ አገኙ። እሳቸው ይህን ሁሉ አልሰሙም። እታፈራሁ እሜቴ ወለላ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ «ጠራሁት፣ መጣልኝ» ትል ነበር።

ሲነጋ ጋሽ ይርዳው እየተንጠራሩ ወጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢውን ሞልቶ ሲያዩ ደነገጡ።

«ምነው በደኅና? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ኧረ ማታ ሌባ መጥቶ ነበር» አሏቸው።

«መቼ?»

«እርስዎ በሬ ሲያስሩ» አለች እታፈራሁ።

ዱላቸውን አፈፍ አደረጉ፤ ሰው ሲስቅባቸው ጊዜ መልሰው አስቀመጡት። «ለምን አልቀሰቀስሽኝም?» ብለው ተቆጡ። እሷም ወደ ኮሌታቸው አመለከተች። ጋሽ ይርዳው የተተረተረውን ስፌት ዳሰሱ፣ ድጅኖውን አዩ፣ እኅታቸውን አዩ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ቢገድሉሽ ኖሮስ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። እኅታቸው ይህን ድምፃቸውን ሰምታው አታውቅም።

ትከሻቸውን ሳመቻቸው። «አልገደሉኝም ጋሼ። ደባልቄ አስተምሮኛል።»

ጋሽ ይርዳው ግን ልማድ ነውና ቶሎ ወደ ጩኸታቸው ተመለሱ። «በይ እንግዲህ፣ ያልኩት ደረሰ። ዕቃሽን ሸክፊ።»

«ውላችን እንዲያ አልነበረም» አለች። «እርስዎን ከመኝታዎ የሚያስነሳ ነገር ከመጣ ነው የተባባልነው። ተነሥተው ነበር?»

ጋሽ ይርዳው የሚደግፋቸው ሰው ፍለጋ ወደ ጎረቤቱ ዞሩ፤ ወጣቶቹ መሬት መሬት ያያሉ፣ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። መጨረሻ ላይ «እሜቴ ወለላ፣ ምስክር ነኝ ብለዋልና እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አሉ።

እሜቴ ወለላ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እፈርዳለሁ» አሉ። «ሙት ቤት አይጠብቅም ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማታ ቤቷን የሚጠብቁ ሁለት ወንዶች ነበሯት፣ አንዱ በሩ ሥር፣ አንዱ መቃብር ውስጥ። የበሩን ነቅንቃ ነቅንቃ አልተነሣላትም፤ የመቃብሩን አንዴ ስሙን ብትጠራው ሌባ አባረረላት። እንግዲህ አህያዎን ባዶዋን ይንዱ ጋሽ ይርዳው፤ ከተኛ ዘበኛ የሞተ ባል ይሻላል።»